ኮልፌ ያልሰማችው ጥይት

ጋሽ አርጋው ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከሳምንት በኋላ፣ ፌርማታ ላይ ቆሜ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። የድሮ መሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ከመንገዱ ማዶ አየኝና ተሻግሮ መጣ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ፣ «ሰውዬህ ሞቱ እኮ፣ አልሰማህም?» አለኝ። ማንን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። በዚያ መሥሪያ ቤት «ሰውዬህ» የምባልበት ሌላ ሰው አልነበረኝም። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

«ሰው ሳይረብሹ ኖረው፣ ሰው ሳይረብሹ ሞቱ» አለ ዘበኛው፣ ሊያጽናናኝ ብሎ። ደህና ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም። እኔን ግን ይህ ምስጋና ያቃጥለኛል። ጋሽ አርጋውን ከውስጥ የበላቸው ምን ሆነና! ይኸው ሰው አለመረበሻቸው አይደለም እንዴ?

ሥራችን ውሻ መግደል ነበር። ይህን አሳምሮ መናገሪያ መንገድ የለም። ንጉሡ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀራቸው፣ ከኮልፌ እስከ አስኮ ያለው የከተማው ክፍል የእኛ ድርሻ ነበር። እኔ ፒካፑን እነዳለሁ፣ ጋሽ አርጋው ይተኩሳሉ። ባለቤት የሌለውን ውሻ ሁሉ አይደለም፤ ያበደውን ብቻ። ለሃጩን እያዝረበረበ፣ ጭራውን ወሽቆ፣ ግራ ቀኝ ሳያይ የሚሄድ ውሻ መንገድ ላይ የገጠመው ሰው ሥራችንን አይንቅም። ሌላው ይንቀናል። የገዛ እናቴ እንኳ ስለ ሥራዬ ስትጠየቅ «የመንግሥት ሾፌር ነው» ትልና ወሬ ትቀይራለች።

ጋሽ አርጋው ግን አያፍሩበትም ነበር። የቡልጋ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ደረቅ ያሉ፣ ካኪ ካፖርታቸውን በበጋም በክረምትም እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ። ሚስታቸው ቀደም ብላ ሞታለች፤ ልጅ አልወለዱም። ከመተኮሳቸው በፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው ያቀብሉኛል። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ «ነፍስ እኮ ነው ታዬ፤ ባርኔጣ ደፍቼ ልውሰዳት?» አሉኝ። ስተው አያውቁም ብል እዋሻለሁ፤ አንድ ጊዜ ስተዋል። ያን ዕለት እህል የሚባል በአፋቸው አልዞረም፤ እኔንም ሳይቀር ሲቆጡኝ ዋሉ።

መጀመሪያ የሚሠሩት በአሮጌ ምንሽር ነበር። ምንሽር ሲጮኽ ታውቃላችሁ፤ ጣራው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ የሆነ ሰፈር በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ከታኅሣሡ ግርግር ወዲህ ደግሞ የሰው ጆሮ ፈሪ ሆኗል፤ ተኩስ በሰማ ቁጥር መንግሥት የተገለበጠ ይመስለዋል። አንድ ጠዋት ከአንድ ትልቅ ሰው ግቢ ጀርባ ተኩሰን፣ እመቤቲቱ ደንግጠው ወደቁ ተባለ። ስልክ ተደወለ። አለቃችን ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት ነበር፤ ጋሽ አርጋውን ጠርቶ፣ «ከእንግዲህ ድምፅ የሚባል ነገር ሰፈር ውስጥ እንዳይሰማ» አላቸው። ትንሽ ጠመንጃ ከነድምፅ ማፈኛው መርጠው እንዲያመጡም ወደ ፒያሳ ላከን።

የጠመንጃ ሱቁ ባለቤት አንድ ሽማግሌ አርመን ነበሩ። ጠመንጃውን ለመምረጥ ብዙ አልፈጀብንም፤ ጥይቷ የጣት አንጓ የማታክል፣ ግድግዳ በስታ የጎረቤት ልጅ የማትገድል እንድትሆን ነበር ጋሽ አርጋው የፈለጉት። ጊዜ የፈጀው ማፈኛው ነው። አርመኑ ሁለት ዓይነት አወጡ። አንደኛው ቀላል፣ የሚያብለጨልጭ፣ ዙሪያውን የተበየደ ነው። «ይኼ ምንም አይፈልግ፣ ግጠም፣ ተኩስ፣ አለቀ!» አሉ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው። ሌላው ከበድ ያለ፣ ጥቁር፣ ጫፉ ሲፈታ ውስጡ ተራ በተራ የሚወጣ ነው።

ጋሽ አርጋው የሚያብለጨልጨውን አገላብጠው አዩና መለሱት። «ይቺ ጥይት ትንሽ ናት፤ ግን ቆሻሻ ናት» አሉ። «እርሳሷ ራቁቱን ነው፤ በተኮስክ ቁጥር ጥላሸቱንና እርሳሱን ማፈኛው ሆድ ውስጥ ትታ ነው የምትሄደው። የማይከፈት ዕቃና የማይናዘዝ ሰው አንድ ናቸው፤ ውስጣቸው መበስበሱ የሚታወቀው ከፈነዱ በኋላ ነው።» ጥቁሩን አፈሙዙ ላይ ገጥመው፣ ወደ ብርሃን አቅንተው፣ ቀዳዳው ከቀዳዳው ጋር መግጠሙን በአንድ ዓይናቸው ደጋግመው አዩ። ጥይቱንም ፈጣኑን እምቢ ብለው ዝግ የሚለውን ወሰዱ፤ ፈጣኑ አየሩን ሲሰነጥቅ የሚጮኸውን ጩኸት የትኛውም ማፈኛ እንደማይውጠው ነገሩኝ። አርመኑ ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ሰው ሚስት እንዲህ አይመርጥ» አሉ። ጋሽ አርጋው ሲስቁ ካየሁባቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ ያ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለማፈኛው ሆነ። ግቢያቸው ኮልፌ፣ ከገበያው በላይ ነበር። ጆንያ ያነጥፋሉ፤ ማፈኛውን ይፈቱና ውስጡን በአወጣጡ ተራ ይደረድሩታል። በብሩሽና በላምባ ይፈገፍጋሉ፤ በጨርቅ ያደርቃሉ፤ ዘይት ይቀቡታል። ዘይቱ ሲበዛ ይጨሳል፣ ሲያንስ ይዝጋል ብለው በላባ ጫፍ ነው የሚነኩት። የተፋቀውን እርሳስ በጋዜጣ ጠቅልለው ከአጥሩ ውጭ ጥልቅ አድርገው ይቀብሩታል። እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ሳይታጠቡ ውሃ እንኳ አይጠጡም። «ይኼ ብናኝ የሕፃን ጠላት ነው» ይላሉ።

ሕፃኗ ሙሉ የምትባለው ናት። የጓሮውን ክፍል የተከራዩት ወልዴና ሚስቱ አስካለ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚያው ኮልፌ ንግድ የጀመሩ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሙሉ የእነሱ ልጅ ነች፣ ገና በዳዴ የምትሄድ። ወልዴ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል፤ አስካለ ጎመንና ድንች። አስካለ ጋሽ አርጋውን «አባባ» ነበር የምትላቸው፤ ልብሳቸውን ነጥቃ ታጥባለች፤ ሳይቀምሱላት የሠራችው ወጥ ከድስቱ አይወጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያው ሲነጠፍ ሙሉን አንጠልጥላ ወደ ውስጥ ትገባና በመስኮት፣ «አባባ፣ ቧንቧው ጨረሰ?» ትላለች። የምን ቧንቧ እንደሆነ አታውቅም። ስለ አዲሱ ጠመንጃ እንዳይወራ ከመሥሪያ ቤት ታዘናል፤ ጋሽ አርጋው ደግሞ አደራ ከተባሉ መቃብር ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ያለዚህ ሰውየውን አታውቋቸውም። ማፈኛ የቀኑን የመጀመሪያ ጥይት በደንብ አይውጥም፤ ከቀሩት ይልቅ ትጮኻለች። ጋሽ አርጋው ይህን ባወቁ ማግሥት፣ ጠዋት ከመሥሪያ ቤት ከመውጣታችን በፊት አንዷን አሸዋ ውስጥ መተኮስ ጀመሩ። ጩኸቷን እዚያ ጨርሰን፣ ወደ ሰፈር ዝምተኛዋን ይዘን እንሄዳለን። ሰው ሳይነሳ ገብተን፣ ጨርሰን፣ ደሙን በበረኪና አጥበን፣ ውሻውን በጆንያ ጭነን እንወጣለን። ዓመት ሳይሞላ ኮልፌ ውስጥ፣ «ዘንድሮ እብድ ውሻ ጠፋ እኮ» መባል ተጀመረ። አንዳንዱ ጸበሉ ነው ይላል፣ አንዳንዱ የዝናቡ ማነስ። ጋሽ አርጋው ይህን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ ያደርጋሉ። ደስታቸው በዚያ ነበር የሚታወቀው። እኔም ኮርቼ ነበር፤ ምን ይደረግ።

አንድ ጠዋት እዚያው ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ ቀይ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ ውሻ አገኘን። ማበዱ ከሩቅ ያስታውቃል። ጋሽ አርጋው ባርኔጣቸውን ሰጡኝ። ውሻው ዞር ሳይል ወደቀ፤ ከአጥሩ ጀርባ ድንች የሚያራግፉት ሴቶች ጨዋታቸውን እንኳ አላቋረጡም። እንደ ወትሮው አጠብን፣ ጫንን፣ ሄድን።

ከወር በላይ ካለፈ በኋላ ይመስለኛል፣ ወልዴ ጫማ ሳያደርግ መሥሪያ ቤታችን በር ላይ መጣ። «አስካለ ውሃ እምቢ አላት» አለ። «ጣሳውን ስታይ ትንቀጠቀጣለች። ሌላ ሰው ብቻ አይምሰላችሁ፣ እኔንም ትፈራኛለች።» ጋሽ አርጋው ካፖርታቸውን ሳይቆልፉ ፒካፑ ላይ ወጡ። እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

ስንደርስ አስካለ አልጋው ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ፈጧል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ጎረቤቷ እማማ በለጡ እጇን ይዘዋል። እማማ በለጡ ሰፈሩ ሲታመምም ሲወልድም የሚጠራቸው ባልቴት ናቸው። ጋሽ አርጋው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው፣ «አስኩ፣ ውሻ ነክሶሽ ያውቃል?» አሏት።

አእምሮዋ ገና ከእሷ ጋር ነበር። «ትንሽ ነው አባባ፤ ባቴን» አለች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ያለፈው ወር አንድ ጠዋት፣ አጠና ተራ ድንች ልጭን ስጣደፍ ረገጥኩት። አንድ ጆሮው የተቆረጠ፣ ቀይ ውሻ… ለእርስዎ ብነግር ይገድሉታል ብዬ ነው ዝም ያልኩ። አሳዘነኝ።»

ጋሽ አርጋው ወደ እኔ ዞሩ። ያን አስተያየት እስካሁን ከዓይኔ ላጠፋው አልቻልኩም።

እማማ በለጡ ፊታቸውን እየነጩ ማልቀስ ጀመሩ። «ለእኔ ነግራኛለች» አሉ። «ነጭ ሽንኩርት አድርጌላት፣ ውሻውን ፈልጌ አጣሁት። እብድ ቢሆን ይተኩሱበት ነበር አልኩ፤ የተኮሰ የለ! ድሮ ያ ምንሽር ሲጮኽ የሰፈሩ እናት ሁሉ ልጇን ደጃፍ ላይ አሰልፋ እግር አይደል የምታየው? እንዲያ አድርገን ስንቱን ለመርፌ አደረስን! ዓመት ሙሉ የተኩስ ድምፅ ሳንሰማ እንዴት ብለን እንጠርጥር? እንዴት ብለን?»

ለጋሽ አርጋውም ለእኔም እውነቱ ያን ጊዜ ነው የገባን። ድሮ ጥይቱ ሲጮኽ ሰው ግልብጥ ብሎ ይወጣል፤ «ያበደ ነው?» ይላል፤ ጋሽ አርጋው «ያበደ ነው» ይላሉ፤ የተነከሰ ሁሉ በዚያው ይታወቃል። እኛ ማንንም ፈልገን፣ በር አንኳኩተን አናውቅም። ማንኳኳት እንዳለብንም አስበን አናውቅም፤ ምንሽሩ ያንኳኳልን ነበር።

ሐኪም ቤት አደረስናት። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ ወልዴን ትከሻውን ይዞ ጊዜው ማለፉን ነገረው። በተነከሰች ሰሞን መጥታ ቢሆን መርፌው ይደርስላት እንደነበር ግን ለጋሽ አርጋው ነው የነገራቸው፤ ሽማግሌ ስለሆኑ አባቷ መስለውት። በሦስተኛው ቀን ሞተች። እንዴት እንደሞተች አልጽፍም። ያየ አይቷል፤ ላላየ እግዜር አያሳየው።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ አርጋው እጄን ያዙኝ። «አብረኸኝ ቁም፤ ለወልዴ ልነግረው ነው» አሉኝ። ወልዴ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሙሉ ጭኑ ላይ ተኝታለች። ጋሽ አርጋው ፊቱ ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ወልዴ፣ ያን ውሻ የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «በዚያው ጠዋት። እሷን በነከሰበት ጠዋት።»

ወልዴ ቀና ብሎ አያቸው። ቀስ ብሎ ልጁን ለጎኑ ሰው አቀበለና ጉልበታቸው ላይ ተደፋ። «ደሟን መለሱልኝ!» አለ። «አባባ፣ ደሟን መለሱልኝ! ደመኛዋን ሳያሳድሩ ገደሉልኝ!»

«አይደለም፣ ስማኝ ልጄ፤ አላስተዋልክም…» ይላሉ ጋሽ አርጋው። ማን ይስማቸው! ድንኳኑ በሙሉ ተነሳ። ሴቶቹ «ደሟ አልቀረም!» እያሉ ሙሾውን አቀለጡት። ሽማግሌዎቹ እየመጡ እጃቸውን ይስማሉ። ጋሽ አርጋው ባርኔጣቸውን እንደያዙ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ባርኔጣውን ከእጃቸው ወሰድኩት፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

በሳልስቱ ማግሥት አለቃችን ቢሮ ገብተው ማፈኛውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በምንሽሩ ካልሆነ አልተኩስም አሉ። አለቃችን ለመናቸው፤ ቀጥሎም ተቆጣ። እሳቸው ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባሉ ዓይነት ናቸው። በመጨረሻ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ፤ ማፈኛው ለሌላ ተኳሽ ተሰጠ። ጋሽ አርጋው ሰውዬውን ቁጭ አድርገው፣ ከተኮሰ በኋላ ሰፈሩን በር በበር እያንኳኳ እንዲጠይቅ ለመኑት። «እሺ ጋሼ» አለ። አንድ ሁለት ጠዋት አንኳኳ አሉ፤ ከዚያ ተወው። ማፈኛውንም ያጠበው አልነበረም።

በዚያ ግቢ ከወልዴ ጋር አብረው መኖር ቀጠሉ። ወልዴ ሌላ አላገባም፤ ቤትም አልቀየረም። «አባባን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» ይል ነበር። እኔ በዓል በመጣ ቁጥር እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። በየጊዜው ይመነምኑ ነበር፤ ካፖርቱ ብቻ ይመስለኛል የቆመው።

አንድ የመስቀል ዕለት እንደተቀመጥን ወልዴ ሙሉን አዲስ ቀሚስ አልብሶ አመጣት። ትምህርት ቤት የገባች ልጅ ሆናለች። «የእናትሽን ደም የመለሱልሽ እሳቸው ናቸው። ሳሚያቸው» አላት። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። «እግዜር ያሳድግሽ» አሏት። ድምፃቸው ደህና ነበር። አባትና ልጅ ምግቡን ሊያመጡ ወጡ።

«እስከ መቼ ነው የማይነግሩት?» አልኳቸው።

«ስንት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ መሰለህ» አሉ። «ይኼ ልጅ ሌሊት የሚተኛው ደሟ ተመልሷል ብሎ ነው። ያቺም ልጅ በዚሁ ነው የምታድገው። ውሻውን ድምፅ አፍነን ባንገድለው ኖሮ እናትሽ ዛሬ ትኖር ነበር ልበላት? እኔ እንዲቀለኝ ብዬ የኔን ሸክም ለሕፃን ላሸክም?» ባርኔጣቸውን አውልቀው እያቀበሉኝ፣ «ያቺን የጠዋቷን የመጀመሪያ ጥይት እንኳ አሸዋ ውስጥ ሳይሆን ሰፈር ውስጥ ብተኩሳት ኖሮ ታዬ። ያቺን አንዷን» አሉ።

ባርኔጣቸውን ይዤ ተቀመጥኩ።

ሙሉ ተመልሳ ገባች፤ ክትፎ በቆጮ የተደረገበት ሣህን በሁለት እጇ ይዛለች። «አባዬ ቤተሰቡ ሳይቀምስ መጀመሪያ ለእርስዎ ነው ብሏል» አለች። ለደም መላሽ የሚሰጥ ክብር ነው። ጋሽ አርጋው ሣህኑን አዩት፤ እሷን አዩአት። ልጅቷ ቅቤው እንዳይፈስባት ተጠንቅቃ ፊታቸው ቆማ ትጠብቃለች። እጃቸውን ታጠቡና ጎረሱ። እንደገና ጎረሱ። ጨርሰው ሣህኑን እስኪመልሱላት ድረስ አልተቀመጠችም፤ እሳቸውም አንድ ጉርሻ አላስቀሩባትም።